ጣት የምታክል ፈረሰኛ

ሐምሌ ላይ አማኑኤል ውስጥ የዘይት ቀለም ቶሎ አይደርቅም። በጮቄ በኩል የሚመጣው ጉም ከተማዋን ሲሸፍናት ግድግዳውም ወረቀቱም ልብሱም ይረጥባል፤ ሰኞ የተቀባ የፈረስ ጎን ሐሙስ ሲነኩትም ጣት ላይ ይቀራል። መስኮቱ ሥር፣ በጠርሙስ ክዳን ላይ ተጣብቆ የቆመው ፈረሰኛ ግን የሚያስቸኩለው ነገር የለም። የናፖሊዮን ዘመን የፈረንሳይ ሁሳር ነው፤ የ5ኛው ሬጅመንት ወታደር። ከነፈረሱ መዳፍ ላይ ይቀመጣል። ውጭ፣ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ በሚያልፈው አስፋልት ላይ፣ ጋሪ የሚጎትት ዳማ ፈረስ በዝናብ ውስጥ ሶምሶማ ይረግጣል። የትንሹን ፈረስ ቀለም ለመወሰን መጽሐፍ ከማገላበጥ ቀና ብሎ እሱን ማየት ይሻላል፦ ደረቱና ታፋው ውኃ ጠጥቶ ወደ ጥቁር አድልቷል፤ ጀርባው ላይ ግን ብርሃን ያረፈበት ቦታ እንደ መዳብ ያበራል።

ጎጃም ውስጥ ተቀምጦ የናፖሊዮንን ወታደር መቀባት ምን የሚሉት ሥራ ነው? የሚጠይቅ አይጠፋም፤ መጠየቁም ተገቢ ነው። መልሱ የሚመጣው ሁሳሩ ተቀብቶ ሊያልቅ ሲል ነው። ያኔ «የእኛስ ፈረሰኛ?» ማለት አይቀርም፤ የእኛን ለመቀባት ብሩሹን ያነሳ ሰው ደግሞ ሁሳሩን ያቀለለለት ነገር ሁሉ እዚህ እንደማይሠራለት ወዲያው ይገባዋል።

ከሁሳሩ እንጀምር። ቁመቱ 54 ሚሊ ሜትር ነው፤ 1 ሜትር ከ73 የሚሆን ሰው ቁመት ለ32 ሲካፈል የሚወጣው ልክ ይኸው ነው። ከቆርቆሮና ከእርሳስ ቅይጥ ወይም ከፕላስቲክ እየተቀረጹ የሚሸጡት የአውሮፓ ትናንሽ ወታደሮች በብዛት በዚህ ልክ የሚሠሩ ናቸው። ልማዱ የቆየ ነው። የኑረምበርግ አንጥረኞች ከቆርቆሮ ጠፍጣፋ ወታደሮችን ያፈስሱ ነበር፤ ፓሪስ ውስጥ ሉኮትና ሚኞ የተባሉት ቤቶች ዙሪያቸውን የሚታዩ ሙሉ ምስሎችን ሠሩ፤ ስትራስቡርግ ደግሞ ለድሃው የሚሆን መላ ነበራት፤ በወረቀት ላይ የታተመ፣ በመቀስ ተቆርጦ የሚቆም ሠራዊት።

ሁሳር ራሱ ፈረንሳያዊ ሆኖ አልተወለደም። ምንጩ ሀንጋሪ ነው። በኦስትሪያ ገዥዎች ላይ አምፀው የተሸነፉ የሀንጋሪ መኳንንት ወደ ፈረንሳይ ተሰደዱ፤ ከእነሱ መካከል ላዝሎ ቤርቼኒ በ1720 እ.ኤ.አ. በስሙ የሚጠራ የሁሳር ሬጅመንት አቋቋመ። ስደተኞቹ ልብሳቸውንም ይዘው ነው የመጡት። ደረቱ ላይ የገመድ ጥልፍ ረድፍ በረድፍ የተደረደረበት አጭርና ጠባብ ጃኬት አለ፤ ዶልማን ይሉታል። ከዚያ በላይ ጠርዙ ፀጉር የሆነ ሁለተኛ ጃኬት፣ ፔሊስ፣ ሲበርድ ይለበሳል፤ ሳይበርድ በግራ ትከሻ ላይ ይንጠለጠላል። ከጎራዴው መታጠቂያ ወርዶ እግር ሥር የሚወዛወዝ ጠፍጣፋ የቆዳ ቦርሳም አለ፤ ስሙ ሳብርታሽ ነው። ሱሪው እንደ ቆዳ የተጣበቀ ስለሆነ ኪስ የሚባል ነገር አያስገባም፤ ወታደሩ ደብዳቤውንም ትንባሆውንም የሚያኖረው በዚህ ቦርሳ ነው።

ሥራው ከልብሱ የከበደ ነበር። ጥሩር የለበሰው ከባድ ፈረሰኛ በትልቅ ፈረስ ተቀምጦ የጠላትን መስመር የሚሰብርባትን ሰዓት ይጠብቃል። ቀላሉ ፈረሰኛ ግን ከዋናው ጦር ቀድሞ ይወጣል፤ መንገድ ይሰልላል፣ ድልድይ ይይዛል፣ የሸሸውን ያሳድዳል፣ የራሱን ጦር አካሄድ ከጠላት ዓይን ይጋርዳል። በጥቅምት 1806 ናፖሊዮን የፕሩሺያን ጦር የና ላይ ከሰበረ በኋላ ጄኔራል አንትዋን ላሳል 5ኛውንና 7ኛውን የሁሳር ሬጅመንት ይዞ የተበተነውን ጦር ተከተለ። ዛሬ በፖላንድ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ሽቴቲን ምሽግ የደረሰው ከአንድ ሺህ በማይበልጡ ፈረሰኞች ነው። ምሽግ የሚሰብር መድፍ አልነበረውም። ውስጥ ከአምስት ሺህ በላይ ወታደር ነበር። ላሳል ከኋላው ትልቅ ጦር የሚከተለው መስሎ እጅ እንዲሰጡ ላከባቸው፤ ሰጡ። ከሦስት ዓመት በኋላ ይኸው ሰው ቫግራም ላይ በጥይት ተመቶ ሲሞት ዕድሜው 34 ነበር።

ታዲያ ለስለላ የሚወጣ ሰው ለምን ይህን ያህል ይደምቃል? አንደኛው ምክንያት ጭሱ ነው። የዚያን ዘመን ባሩድ ጥቂት ጊዜ ከተተኮሰ በኋላ ሜዳውን እንደ ጉም ይሸፍነዋል፤ አዛዡ የራሱን ሰው ከጠላት የሚለየው በቀለም ነው። ሁለተኛው ኩራት ነው፤ ወጣቱን ከእርሻ አስነስቶ ወታደር የሚያደርገው ደመወዙ ሳይሆን ፔሊሱ ነበር ቢባል ብዙ ማጋነን የለበትም። ስለዚህ እያንዳንዱ ሬጅመንት የራሱ ቀለም ነበረው። 5ኛው ዶልማኑ ውኃ ሰማያዊ፣ ፔሊሱ ነጭ ነው። 4ኛው ጥቁር ሰማያዊ ዶልማን ላይ ቀይ ፔሊስ ይደርባል። 7ኛው አረንጓዴ ለብሶ ቀይ ሱሪ ይታጠቃል። ሻሰር የሚባሉት ሌሎቹ ቀላል ፈረሰኞች ሁሉም አረንጓዴ ሆነው የሚለያዩት በአንገትጌና በእጅጌ ቀለም ነው። በ1812 ሻለቃ ባርደን ያዘጋጀው የልብስ ደንብ የጃኬቱን ርዝመት፣ የቁልፉን ቦታ፣ የጌጡን ስፋት ሳይቀር በልክ አስቀምጦታል። ደንቡን ያገኘ ሠዓሊ የሚቀባውን ሰው ማንነት ማወቅ አያስፈልገውም። ቁጥሩ ይበቃዋል።

ሜዳ ላይ ያለው እውነት እርግጥ ሌላ ነው። ስፔን የዘመተው የፈረንሳይ ጦር ልብሱ ሲያልቅበት ከገዳማት በተገኘ ቡናማ ጨርቅ ሱሪ ያሰፋ ነበር፤ ሠዓሊ ይህን ሲያውቅ ይደሰታል፤ ከደንቡ ለመውጣት ፈቃድ አገኘ ማለት ነው።

አቀባቡ ሥርዓት አለው። መጀመሪያ ምስሉ በሳሙና ይታጠባል፤ የማፍሰሻው ቅባት ካልለቀቀ ቀለም አይዝም። ቀጥሎ ግራጫ ወይም ጥቁር ልባስ በስሱ ይደረግበታል። ከዚያ ሰውየው በለበሰበት ቅደም ተከተል ይቀባል፦ መጀመሪያ ፊትና እጅ፣ ቀጥሎ ሱሪ፣ ቀጥሎ ዶልማን፣ በመጨረሻ ማንገቻና ጥልፍ። ከውጭ የጀመረ ሰው ወደ ውስጥ ሲገባ የቀባውን ያበላሻል።

ዋናው ጥበብ ጥላ ነው። ትልቅ ሰው ክንዱን ቢያጥፍ በልብሱ እጥፋት ውስጥ ብርሃን ራሱ ጥላ ይሠራል። ጣት በምታክል ምስል ላይ ግን እጥፋቱ ከፀጉር ስለሚቀጥን ከመስኮት የሚገባው ብርሃን እኩል ያጥበዋል፤ ልብሱ ልብስ ሳይሆን የተቀባ ብረት ይመስላል። ስለዚህ ጥላውን ሠዓሊው በእጁ ይሠራዋል። ጥቁር ጨምሮ ማጥቆር የጀማሪ ነገር ነው። የነጭ ፔሊስ ጥላ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ ግራጫ ነው፤ የቀይ ጥላ ወደ ቡናማ ይሄዳል፤ አረንጓዴ ሰማያዊ ጠብታ ይፈልጋል። የጥልፉ ገመድ ደግሞ በሁለት እርምጃ ይወጣል። መጀመሪያ ወፈር ያለ ጥቁር መስመር፣ በመሐሉ ላይ ቀጠን ያለ ነጭ። ጥቁሩ ከሁለት በኩል በጥቂቱ ሲቀር ገመዱ ከጨርቁ ላይ ይነሳል። በየቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ላይ የመላእክቱን ክንፍና የቅዱሳኑን ካባ በጥቁር መስመር የከበቡት የእኛ ሠዓሊዎች ይህን ያወቁት ብረት ከሚቀቡት ሰዎች ብዙ ቀድመው ነው። ግድግዳው ከፍ ያለ ነው፤ ውስጡ ጨለማ ነው፤ መስመር ካልከበበው ከታች ለቆመ ምእመን ምንም አይለይም።

ዓይን ላይ ግን ሁለቱ ወገኖች አይስማሙም። የአውሮፓው ምስል ቀቢ ለዓይን ጭረት ብቻ ይሰጣል፤ ነጩን ያበዛ እንደሆነ ሁሳሩ ጅብ ያየ ይመስላል። ለኢትዮጵያዊው ሠዓሊ ዓይን ከፊት ሁሉ ይበልጣል። ይህ ወደ ኋላ ይመጣል።

የፈረስ እግር የሁሉም ራስ ምታት ነው። ቴዎዶር ዤሪኮ በ1812 የሳለው፣ ዛሬ ሉቭር የሚገኘው የሻሰር መኮንን ሥዕል ላይ ፈረሱ በኋላ እግሮቹ ቆሞ ወደ ላይ ይወረወራል፤ ፈረሰኛው ወደ ኋላ ዞሮ ጎራዴውን ይዟል። የፈረንሳይን ቀላል ፈረሰኛ ከዚያ የበለጠ ያሳየ ሥዕል የለም ብል የሚከራከረኝ ብዙ አይመስለኝም። ነገር ግን በዚያ ዘመን ሽምጥ የሚጋልብ ፈረስ ሲሳል የፊት እግሮቹ ወደ ፊት፣ የኋላዎቹ ወደ ኋላ ተዘርግተው በአየር ላይ ይንሳፈፍ ነበር። ኧርነስት ሜሶንዬ የናፖሊዮንን ፈረሰኞች በትናንሽ ሸራዎች ላይ የሳለ፣ የቁልፍ ቀዳዳ የማያመልጠው ሰው ነው፤ ከሚጋልብ ፈረስ ጎን ጎን እየሄደ እግሩን ለማጥናት በግቢው አጭር ሐዲድ አስዘርግቶ በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ይገፋ ነበር፤ ፈረሶችንም አስቀድሞ በሰም ይቀርጻቸዋል። በ1878 ኤድዋርድ ማይብሪጅ ካሊፎርኒያ ውስጥ ካሜራዎችን ደርድሮ ፈረስ ሲሮጥ አነሳ። አራቱም እግሮች ከመሬት የሚለቁት ተዘርግተው ሳይሆን ሆድ ሥር ሲሰበሰቡ መሆኑ ታወቀ። ጉግስ አይቶ ላደገ ሰው ይህ ያን ያህል የሚያስገርም አይደለም፤ ዓይን ባይዘው እንኳ ጆሮ የኮቴውን አመታት ያውቀዋል።

ከዚህ በኋላ ነው «የእኛስ?» የሚለው የሚመጣው።

ጎጃምን ከውስጥ ያየ ፈረንሳያዊ አለ። አርኖ ዳባዲ ከወንድሙ ከአንትዋን ጋር በ1838 እ.ኤ.አ. ወደ ኢትዮጵያ ገባ። ወንድምየው ቋንቋ ሲያጠናና መሬት ሲለካ፣ አርኖ የጎጃምና የዳሞት ገዥ ከነበሩት ከደጃዝማች ጎሹ ዘውዴ ጋር ተወዳጀ፤ ከሠራዊታቸው ጋር ዘመተ፤ ራስ ሚካኤል እስከመባል ደረሰ። በላይኛዋ ኢትዮጵያ ስለኖረባቸው አሥራ ሁለት ዓመታት የጻፈው መጽሐፍ በ1868 ፓሪስ ላይ መታተም ጀመረ። ጎሹ ግን በ1852 ጉር አምባ ላይ ከካሣ ኃይሉ፣ ከኋላው አፄ ቴዎድሮስ፣ ጋር ገጥመው ወድቀው ነበር። የናፖሊዮን ሁሳር ሙዚየም በገባበት ዘመን የጎጃም ፈረሰኛ ገና በሕይወት ነበር፤ በ1874 ዓ.ም. እምባቦ ላይ የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖትና የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ሲገጥሙ ቀኑን የወሰነው የራስ ጎበና ፈረሰኛ ነው፤ ተክለ ሃይማኖት ቆስለው ተማረኩ።

እንግዲህ ከጎሹ ወይም ከተክለ ሃይማኖት ጦር አንድ ፈረሰኛ እንቀባ። የትኛው ሬጅመንት ነው ብሎ መጠየቅ አይቻልም፤ ሬጅመንት የለም። ጥያቄው ይቀየራል። የማን ሰው ነው? የት ዘመተ? ምን ጣለ? ምን ተሸለመ? የሁሳሩ ልብስ ስለ ሬጅመንቱ ሲናገር የጎጃሙ ፈረሰኛ ልብስ ስለ ራሱ ስለ ሰውየው ይናገራል። እጀ ጠባብና ሱሪ ሁሉም ይለብሳል፤ ሸማ ሁሉም ይታጠቃል። ከዚያ በላይ ያለው ግን የተሰጠ ወይም የተገኘ ነው። ለምዱ የበግ፣ የነብር ወይም የአንበሳ ቆዳ ሊሆን ይችላል፤ ከጌታ እጅ የተቀበሉት ከፋይ ሊሆንም ይችላል። ጎፈሩ የአንበሳ ጋማ ነው፤ ማንም ተነስቶ አያደርገውም። ክንዱ ላይ ያለው የብር ቢተዋ፣ ጋሻው ላይ የተመታው ብርና ናስ፣ እያንዳንዱ ከጀርባው አንድ ቀን አለው፤ ግብር ላይ፣ በሰው ፊት፣ ስሙ ተጠርቶ የተሰጠበት። አንድ ሠዓሊ ነብር ለምድ ላይ ጎፈር ደርቦ፣ ብር የተመታ ጋሻ አሲዞ ቢቀባ፣ ቀለሙ ያምር ይሆናል፤ ነገር ግን ሳያውቅ አንድ ታላቅ ሰው ፈጥሯል፤ ማን እንደሆነ ደግሞ መመለስ አይችልም። እኔ ከዚህ የሥራ ክፍል የበለጠ የሚያስጨንቅ አላገኘሁም።

ሰውየው ብቻ አይደለም፣ ፈረሱም ስም አለው። ሁሳሩ በሬጅመንቱ ቁጥር ሲጠራ የእኛው ጌታ በፈረሱ ይጠራል፦ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ምኒልክ አባ ዳኘው፣ አሉላ አባ ነጋ፣ ባልቻ አባ ነፍሶ። ፈካሪ ጌታውን የሚያነሳው በፈረሱ ስም ነው፤ በተዝካርም በፉከራም ስሙ ከፈረሱ አይለይም። ስለዚህ ለትንሹ ምስል የፈረስ ቀለም መምረጥ የውበት ጉዳይ አይሆንም። ዳማ ነው? ጉራቻ? መጋላ? አምባላይ? ግንባሩ ላይ ምልክት ያለው ቦራ? የታወቀን ሰው የሚቀባ የሰውየውን ፈረስ ማወቅ አለበት።

ልኩም ይለያል። የሁሳር ፈረስ ቁመቱ ከትከሻው ላይ አንድ ሜትር ተኩል ገደማ ነበር። የደጋው ፈረሳችን ከአንድ ሜትር ከሠላሳ እምብዛም አያልፍም። በ32 ሲካፈል የመጀመሪያው 4.7 ሴንቲ ሜትር፣ ሁለተኛው 4 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ከአውሮፓ የመጣ ፈረስ ላይ የጎጃም ሰው ማስቀመጥ ማለት ሰውየውን ልጅ ማድረግ ነው። እግሩም ችግር አለው። ሁሳሩ ቦቲ ጫማ አድርጎ ሙሉ እግሩን እርካብ ውስጥ ያስገባል። የእኛው ፈረሰኛ በባዶ እግሩ ነው፤ የእርካቡን ቀለበት የሚይዘው በአውራ ጣቱ ነው። ይህ አቀማመጡን ሁሉ ይቀይረዋል፤ ጉልበቱ ይታጠፋል፣ ተረከዙ ይወጣል፣ ሚዛኑ ከታፋ ላይ ይሆናል። ከአውሮፓ ከመጣ ምስል ላይ ጫማውን ፍቆ ጣት መቅረጽ ይቻል ይሆናል፤ አቀማመጡን ግን በፋይል ማስተካከል አይቻልም።

ማስረጃው የት ይገኛል? ፎቶግራፍ ዘግይቶ ነው የመጣው። ደንብ የለም። ያለው ሥዕል ነው፤ በየደብሩ። በክብ ቤተ ክርስቲያን በመቅደሱ የሰሜን ግድግዳ ላይ ፈረሰኛ ሰማዕታትን ማግኘት የተለመደ ነው። ጊዮርጊስ በነጭ ፈረስ ደራጎኑን ይወጋል፤ መርቆሬዎስ በጥቁር ፈረስ ዑልያኖስን ይጥላል፤ ቴዎድሮስ፣ ገላውዴዎስ፣ ፋሲለደስ ይከተላሉ። ሠዓሊው ሰማዕታቱን የሮም ወታደር አላደረጋቸውም፤ በዘመኑ ጌታ ልብስና በዘመኑ ኮርቻ ላይ አስቀመጣቸው። ልጓሙን፣ የአንገቱን ቃጭል፣ የደረቱን መጋጫ ልብ ብሎ ላየ፣ ያ ግድግዳ የታጠቀ ፈረስ ሙሉ ዝርዝር ነው። የጊዮርጊስ አውራ ጣትም እርካቡን ይዛ ትታያለች። ጣና ላይ ያሉት ኡራ ኪዳነ ምሕረትና ናርጋ ሥላሴ ለዚህ የሚሄዱባቸው ቦታዎች ናቸው፤ ግን እዚሁ ምሥራቅ ጎጃም ውስጥም ግድግዳቸው ያልጠፋ አድባራት አሉ።

አንዳንዱ ደግሞ ለማየት ፓሪስ ድረስ መሄድ ይጠይቃል። በ1932 እ.ኤ.አ. በማርሴል ግሪዮል የተመራው የፈረንሳይ ቡድን ጎንደር ከሚገኘው ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን የድሮውን ሥዕል አንስቶ ወሰደ፤ በቦታው ሠዓሊው ጋስቶን ሉዊ ሩ የሳለው ግልባጭ ገባ። ፓሪስ ሁሳሮቿን በየሙዚየሙ ከነቁልፋቸው ስታስቀምጥ የእኛንም ጨምራ አስቀምጣለች።

ከቤተ ክርስቲያን የወጣው ሥዕል አድዋን ይዞ ነው የወጣው። በአድዋ ሥዕሎች ላይ የኢትዮጵያ ጦር በግራ፣ የጣሊያን በቀኝ ይሰለፋል፤ ከላይ ጊዮርጊስ በነጭ ፈረሱ ይታያል፤ እቴጌ ጣይቱም ፈረስ ላይ ናቸው። የወገን ሰው ፊቱ ሙሉ፣ ሁለት ዓይኑ የሚታይ ነው፤ ጠላት በጎን በኩል፣ በአንድ ዓይን ይሳላል። ከላይ ስለ ዓይን ያቆየሁት ይኸው ነው፤ ለአውሮፓዊው ወገን የሚለየው በጃኬት ቀለም ሲሆን ለእኛ ሠዓሊ በዓይን ቁጥር ነው። የጣሊያኑን ልብስ ሠዓሊው አልናቀውም፤ ኮፍያውንም ቁልፉንም አሳምሮ ይሥለዋል። ተመሳሳይ የለበሰውን የጠላት ሠራዊት በአንድ ረድፍ ይደረድረዋል። የወገን መኳንንት ግን እያንዳንዱ ለብቻው ነው፤ ብዙ ጊዜ ስሙም ከራሱ በላይ ተጽፎለታል።

ከዚህ ዘመን ሠዓሊዎች ይህን ልማድ ይዘው ከተጓዙት አንዱ የጎጃም ሰው ናቸው። ቄስ አዳሙ ተስፋው የተወለዱት በብቸና በኩል ነው፤ በቤተ ክርስቲያን ሥዕል አድገው ወደ አዲስ አበባ ገቡ፤ ቅዱሳኑንም ውጊያውንም የገበያውንም ሰው ሳሉ። በ2005 እ.ኤ.አ. ሎስ አንጀለስ የሚገኘው ፋውለር ሙዚየም ሥራቸውንና ሕይወታቸውን ያስተዋወቀ ዐውደ ርእይ አዘጋጀላቸው። የእሳቸውን መስመር ያየ ሰው ትንሽ ምስል ላይ ጥላ ማብዛት እንደማያስፈልግ ይማራል፤ ልብሱ በጥለቱ፣ ሰውየው በአቀማመጡ ይታወቃል።

ሁለቱ ፈረሰኞች፣ የፈረንሳይና የአማራ፣ በአንድ ወር ውስጥ በአንድ አካባቢ ፈረስ ጋልበው ያውቃሉ። በጥር 1933 ዓ.ም. ነው። ፈረንሳይ ለጀርመን እጅ ስትሰጥ ሶርያ ከነበረው ጦር የሻምበል ፖል ዡርድዬ የሞሮኮ ስፓሂዎች ቡድን ከድቶ ወደ እንግሊዝ ወገን ገባ። ስፓሂ ከሰሜን አፍሪካ የሚመለመል የፈረንሳይ ቀላል ፈረሰኛ ነው፤ የአልጄሪያው ቀይ በርኖስ፣ የሞሮኮው ጥቁር ሰማያዊ በርኖስ ይለብሳል። ይህ ቡድን በሱዳንና በኤርትራ ድንበር አካባቢ በፈረስ ጎራዴ መዝዞ ገባ፤ የፈረንሳይ ጦር የመጨረሻው የፈረሰኛ ጥቃት ይኸው እንደሆነ ይነገራል። በዚያው ወር ከሩ ላይ አመዴዎ ጉይሌት የተባለው ጣሊያናዊ መኮንን የአማራ ፈረሰኛ ባንዳዎቹን ይዞ በእንግሊዝ መኪናና መድፍ መካከል ጋለበ፤ ከመኮንኖቹ አንዱ ሬናቶ ቶኚ እዚያው ቀረ። ይህ የማያኮራ ገጽ ነው፤ ሠዓሊ ግን ገጽ መዝለል አይችልም። በዚያው ጥር 12 ቀን ንጉሠ ነገሥቱ አፄ ኃይለ ሥላሴ ኦሜድላ ላይ ሰንደቁን ተከሉ። ጌዴዎን የተባለው የእንግሊዝ ጦር ከአርበኛው ጋር ጣሊያንን ከቡሬ በደምበጫ፣ በዚሁ በአማኑኤል መንገድ ወደ ደብረ ማርቆስ ገፋው። መጋቢት 28 ንጉሠ ነገሥቱ ደብረ ማርቆስ ገቡ። ያ ጦር ዕቃውን የጫነው በፈረስ ሳይሆን በግመል ነበር፤ ግመሎቹ የደጋውን ብርድ አልቻሉትም፣ በየመንገዱ አለቁ።

ጎፈርና ደንብ የተገናኙበት አንድ ቦታ ነበር፤ የንጉሠ ነገሥቱ ክብር ዘበኛ። የአውሮፓ ዓይነት ልብስ ለብሶ፣ ቁልፉ ተደርድሮ፣ ባርኔጣው ላይ የአንበሳ ጋማ የዞረበት የሥነ ሥርዓት ልብስ። ለትንሽ ምስል ከዚያ የሚመች የለም፤ ደንቡም አለ፣ ፎቶውም አለ። ነገር ግን ጎፈሩ እዚያ የሰውየው መሆኑ አብቅቷል። ሁሉም ያደርገው ነበር።

አማኑኤል ውስጥ የጎጃም ፈረሰኛ ለመሥራት ብረት ማፍሰሻ አያስፈልግም። የሜሶንዬ ሰም ማር በሞላበት አገር አይቸግርም፤ የስትራስቡርግ ወረቀት ደግሞ ከሰምም ይቀላል። ሽቦ አጥንት ይሆናል፤ ሰሙ ሥጋ፤ ኮርቻው ከአሮጌ ጫማ ምላስ ይቆረጣል። ለጎፈር ከብሩሽ የተነቀለ ፀጉር፣ ለጋሻ የደረቀ የብርቱካን ልጣጭ ተቆልምሞ ይሆናል፤ ሲደርቅ እንደ ቆዳ ይጠነክራል፤ ናሱ ከሲጋራ ወረቀት ይወጣል። ፈረሱ 4 ሴንቲ ሜትር። የቸገረው ከዚህ በኋላ ነው፤ የሰውየው ስም።

ለዚያ መንገዱ ሩቅ አይደለም። ከአማኑኤል ተነስቶ በዚሁ አስፋልት ደምበጫን፣ ፍኖተ ሰላምንና ቡሬን አልፎ እንጅባራ የገባ ሰው በጥር 23 ከደረሰ በጉዞው አያዝንም። በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ በዚያ ቀን ይሰበሰባል፤ አድዋ የዘመቱትን ፈረሶችና አባቶች እያሰበ ይጋልባል። ሜዳው ዳማና ቡላ፣ ጉራቻና አምባላይ ይሞላል፤ ኮርቻው ላይ የተንዠረገገው ክርና ጨርቅ ከሰው ሰው ይለያያል። ማስታወሻ ደብተር የያዘ ሠዓሊ ቀለሙን ከመጻፉ በፊት ወደ ፈረሰኛው ጠጋ ብሎ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ የፈረሱን ስም ይጠይቃል። ያ የተጻፈ ጊዜ የለምዱና የጌጡ ነገር ባለቤቱ ራሱ እየነገረ ይመጣል።